አይነኬን እረኛ ላደርግ ስል

ሰው በዐቢይ ጾም አንድ ነገር ይተዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ጀመርኩ፤ ውሻ ማስተማር። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ ቀበሌያችን ስቆ ስለጨረሰ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ የምትማር የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ስትመጣ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አጥር ተደግፎ ያፏጫል። አንዲት ጥቁርና ነጭ ውሻ ሆዷን ሣሩ ላይ አስነክታ ከጋራው ጫፍ ትሮጣለች፣ ትዞራለች፣ ትተኛለች፣ ትነሣለች። በጎቹ ደወል እንደሰማ ተማሪ ተሰልፈው ይገባሉ። ሰውየው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ግን የአክስቴ ልጅ ባትሪ እስኪያልቅ አየሁት። ስልኩ ሲጠፋ ሐሳቡ ራሴ ውስጥ በርቶ ቀረ።

ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ልንገራችሁ። አሥራ ሦስት በጎች አሉን። በሥራ ቀን የምትጠብቃቸው ታላቅ እህቴ ናት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እኔ። እህቴ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። የምትሄደው እስቴ ነው፤ ሽማግሌዎቹ “መካነ ኢየሱስ አጠገብ” ብለውናል፣ አጠገብነቱ ስንት ሰዓት በእግር እንደሆነ ግን ጠይቀን መልስ አላገኘንም። እሷ ስትሄድ በጎቹ የሚቀሩት ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ ሚኒስትሪ የምንለው ፈተና ዓመቱ መጨረሻ ላይ ይጠብቀኛል። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። “ልጄ ትማር” ይላል። “በጎቹም ይጠበቁ” ይላል። ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ይላቸዋል፣ ባንድ ቀን እንዴት እንደሚሆኑ ግን ነግሮኝ አያውቅም።

ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጊዜ ያላቸው አንድ ሰው አያቴ ናቸው፣ የአባቴ አባት። መሪጌታ ናቸው። በወጣትነታቸው ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ ስንቱን ተማሪ ሲያወጡ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ተማሪው ወደ ሌላ መምህር ሄደባቸው። አሁን ከቤታችን በላይ ካለው ጋራ ሥር፣ አንድ ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ።

“አባባ፣ በጎቹን እርስዎ ቢጠብቁልኝስ?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ዓይን አለኝ ልጄ። ግልገል እጋራው ጫፍ ላይ ስታስነጥስ አያለሁ። እግር ነው የሌለኝ። በግ ደግሞ በዓይን አይመለስም።”

ይኸው ነው! እግር ብቻ ነው የጎደለው። እግር ደግሞ ቤታችን ውስጥ አራት ሥራ ፈት እግሮች አሉ፤ ባለቤታቸው አይነኬ ይባላል።

አይነኬ ውሻችን ነው። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፣ ከጎረቤት ጋር በድንበር በተጣላ ዓመት። እኛ አገር ውሻ ስሙ ለራሱ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። አባቴ ማታ ማታ ከደጃፉ ቆሞ “አይነኬ! አይነኬ!” ሲል መልእክቱ አጥር ተሻግሮ ይደርሳል። የድንበሩ ጠብ በሽማግሌ በረደ፤ ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረ። ውሻው ራሱ የማይነካበት ምክንያት ስለሚተኛ ነው። ሥራው የሌሊት ስለሆነ ቀን እንቅልፉን ነው የሚያየው። ሌሊትም ምን እንደሚሠራ በዓይኑ ያየ ሰው የለም።

አባቴ ሞፈር ሲጠርብ አገኘሁትና ሐሳቤን ነገርኩት።

“አይነኬ እግራቸው ይሆናል አባዬ።”

“የማን?”

“የአባባ።”

መጥረቢያውን አስቀመጠ። “ያባቴ እግር ውሻ?”

“በጎቹን ለመመለስ እኮ ነው! እሳቸው ያያሉ፣ ያዛሉ፤ እሱ ይሮጣል። በስልክ አይቻለሁ።”

“ስሚ፣ ይሄ ውሻ አምና ጅብ የመጣ ጊዜ አልጋ ሥር የተገኘ ነው።”

“ዝናብ ስለነበረ ነው።”

አባቴ ሳቁን በጢሙ ሸፈነና ፈረደ። “እሺ። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ እንየው። አባ ከድንጋያቸው ሳይነሡ ውሻሽ በጎቹን ከጋራው አውርዶ ካመጣ፣ በጎቹን እሳቸው ይጠብቃሉ፣ አንቺም ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ። ካላመጣ፣ እህትሽ በሄደች ማግስት ዱላው ያንቺ ነው።”

እህቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሯል፤ “ዱላዬን ካሁኑ ልስጥሽ? እጅ ለምዷል” አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን የሠራሁትን ስናገር እስካሁን ጆሮዬ ይግላል። አይነኬን በገመድ ጎትቼ በጎቹ መካከል ወሰድኩትና ገመዱን ፈታሁለት። እንግዲህ ውሻ ነው፣ በግ ነው፤ የተፈጥሮ ነገር ነውና ይግባባሉ ብዬ ነበር። አይነኬ አንድ ጊዜ ብቻ “ው!” አለ፤ እንደ ሰላምታ። አሥራ ሦስቱም በጎች ባንድ ላይ ቁልቁል ነጎዱ። ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ ያን ዕለት ጠዋት ኩበት ጠፍጥፈው፣ እንደ ጨረቃ አሳምረው፣ በሜዳው ሙሉ አስጥተው ነበር። በጎቹ ሄደውበት፣ ተመልሰው መጡበት፤ ከዚያም አይነኬ ምን እንደሆነ ለማየት ሄደበት።

እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ። “ምን አደረግኩሽ ልጄ? ጦር ነው የላክሽብኝ?”

“ሥልጠና ላይ ነን እትዬ።”

“ማንን ነው የምታሠለጥኚው?”

“ውሻውን።”

ኩበቱን አዩ። ውሻውን አዩ። “መርቆ ይስጥሽ” አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ኩበት ስጠፈጥፍላቸው ዋልኩ። ስለዚህ በዚህ ሥልጠና መጀመሪያ ሙያ የተማርኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከፍ ያለ ነው። በቪዲዮው ላይ ያለችው ውሻ ሆዷን መሬት አስነክታ ትሳብ የለ? አይነኬ ይህን ከየት ያውቃል? ማን አሳይቶት? “መምህር አስቀድሞ ሠርቶ ያሳያል” የሚል ነገር ከትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ስለዚህ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በደረቴ ተኝቼ፣ በጎቹን በክብ እየዞርኩ መሳብ ጀመርኩ። አይነኬ ቂጡ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንገቱን ጋደል አድርጎ፣ እንደ ፈታኝ ያየኛል። እየተሳብኩ ሄጄ ከፊቴ ጫማ አገኘሁ። ቀና ስል ለካ ቅዳሜ ነው፤ መንገዱ ከላያችን ያልፋል፤ ገበያተኛው ሁሉ አህያውን አቁሞ ቆሟል።

“የማን ልጅ ናት?” አለች አንዷ።

“የመሪጌታ የልጅ ልጅ።”

“እግዚኦ! ከእነዚያ ቤት?”

ከገበያ ሲመለሱ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቤታችን ደርሶ ነበር። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ጠርሙሱን ከግድግዳው አወረደች፣ ከአናቴ እስከ እግሬ ጠበል ረጨችኝ፣ ከዚያ “በይ አሁን ንገሪኝ” አለች። ስነግራት ሰማችኝና የቀረውን ውኃ አይነኬ ላይ ደፋችው። “ለማንኛውም” ብላ።

ቀጥሎ ፉጨት ነበር። አክንባሎ የሚያክል ጉንጭ ነፍቼ ሳፏጭ አያቴ ከድንጋያቸው ጮኹ።

“ተይ አንቺ! ፉጨት ሰይጣን ይጠራል!”

“ውሻ ነው የምጠራው አባባ።”

“ሰይጣን የማንን ስም እንደጠራሽ አይጠይቅም። ደግሞስ እኔ ነኝ የማዘው አላልሽም? መሪጌታ በእርጅናው ጋራ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያፏጭ የት ታየና ነው? በቃል ይሁን፤ በቃል።”

“‘ና’ እንበለው?”

አያቴ አሰቡ። ሲያስቡ ጢማቸውን ወደ ግራ ያደርጉታል። “አማርኛ አይሆንም። ይህ ውሻ በአማርኛ የሰማው ሁሉ ‘ውጣ!’ ነው፣ ‘ሂድ!’ ነው፣ ከኋላው ድንጋይ ይከተላል። ‘ና’ ያሉትም ሊያስሩት ነው። አማርኛ ጆሮው ላይ ተበላሽቶበታል። ማንም ያልሰደበው ቋንቋ እንስጠው።”

“እንግሊዝኛ?”

“እሱን እኔ አላውቀውም። ግእዝ ይሁን። ‘ነዓ’ በይው።”

እትዬ አልጋነሽ ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። “ለውሻ ግእዝ! መሪጌታ፣ ምነው? ስንት ዲያቆን ሳይገባው በሚኖርበት አገር!”

“እኮ!” አሉ አያቴ። “እሱንም እንሞክረው።”

ሦስት ቃል ለማስተማር አቀድን። መጀመሪያ ‘ነዓ’፣ ማለትም ና። የቀሩት ሁለቱ እሱ ሲገባው ይደርሳሉ ተባባልን።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ፤ ሽልማት። የሳይንስ መምህራችን “እንስሳ የሚማረው ትእዛዙን እንደፈጸመ ወዲያው የሚወደው ምግብ ሲሰጠው ነው” ብሎናል። እጄን አውጥቼ “ለውሻ ምን ይሰጠዋል?” ብዬ ስጠይቀው “ሥጋ ነዋ” አለ፤ ክፍሉ ሁሉ ምራቁን ዋጠ። ጾሙ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

እናቴን ለመንኳት።

“ከየት የመጣ ሥጋ?” አለች። “ከቅበላ ወዲህ በዚህ ቤት ቢላዋ የነካው ሽንኩርት ብቻ ነው።”

“ትንሽ ወተትስ?”

“ወተቱ ለፋሲካ ቅቤ ነው። ሰው በጾመበት ቤት ውሻ ወተት ሊጠጣ? ቆሎ አለልሽ፤ ቆሎ ስጪው። ከመሪጌታ ቤት ውሻ ይጹም ቢባል ምን ይገርማል።”

ቆሎ! ባቄላና ገብስ ተደባልቆ የተቆላ። በኪሴ ሞልቼ ወጣሁ። እኔ ራሴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ያ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ሲንሿሿ ፈተናው ለማን እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር።

ከትምህርት መልስ ሥራችን እንዲህ ነበር። አይነኬን ጋራው ላይ በጎቹ ዘንድ እወስደዋለሁ። አያቴ ከታች ሆነው፣ ድጓ በሠራው ጉሮሮ፣ “ነዓ-አ-አ!” ይላሉ። እኔ አይነኬን ይዤ እሮጣለሁ። እሳቸው አጠገብ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንድ እፍኝ ቆሎ አፈስለታለሁ። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ ደብተሬን አወጣለሁ፤ ሳይንስ ያለ መዝገብ አይሆንማ! “ሰኞ፦ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ሦስት ጊዜ መጣ። ቆሎውን ጨረሰ።” ዞር ስል ድንጋዩ በምላስ ታጥቦ ያብለጨልጫል። አይነኬ አጠገቡ ተጋድሟል፤ በጎቹም ተከትለውን ወርደው ዙሪያውን ይግጣሉ። “ጎበዝ!” እለዋለሁ። አንድ ዓይኑን ይገልጥና ይከድነዋል። ትሕትና መሰለኝ።

ሳምንት እንደሞላን መሮጤን ተውኩ። አያቴ ብቻቸውን ጠሩ፣ እኔ ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቄ አየሁ። እንዴት ልንገራችሁ! በጎቹ ከፊት፣ አይነኬ ከኋላ፣ አቧራ እያስነሡ ቁልቁል መጡ! ልክ እንደ ቪዲዮው! እርግጥ አይነኬ መሬት ለመሬት አልተሳበም፣ እያዛጋ ነው የመጣው። ቢሆንም ሁሉም ሠራተኛ የየራሱ አሠራር አለው ብዬ አለፍኩት። አያቴን አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩባቸው፤ ዳዊታቸው ወደቀ። በደብተሬ ላይ “እሑድ፦ እረኛ ሆነ” ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

የሆሳዕና ዋዜማ ደረሰ። አባቴ የክት ጋቢውን ለብሶ መጣ፤ እንደ ዳኛ። እናቴና እህቴ መጡ። እትዬ አልጋነሽ ኩበታቸውን አስቀድመው ቤት አስገብተው መጡ። ሌላም ሰው መጣ፤ ያቺ የገበያ ሴትዮ ሳትቀር። አያቴ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። በጎቹ ጋራው ጫፍ ላይ ናቸው። አይነኬም ከእነሱ ጋር ነው፤ ያደረስኩት ራሴ ነኝ።

 ያ ዱላ፣ ያ ደብተር፣ ሁለቱም ያን ሰዓት በአንድ ውሻ ጅራት ላይ ታስረው ነበር።

አያቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከቁጥቋጦው ቆቅ ተነሣች። ፍርርር! አይነኬ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥ ያላየሁት አይነኬ፣ ከጋራው ወዲያ በኩል ተፈተለከ። ጅራቱ ለአፍታ ታየች። ከዚያ እሷም የለችም።

እህቴ “ዱላው ከበሩ ጀርባ ነው” አለች፤ ሆኖም ስትለው አልሳቀችም። ዓይኔ በእንባ ተሞላ። አያቴን “ተዉት አባባ” ልላቸው አሰብኩ።

አያቴ ግን የጀመሩትን የማይተዉ ሰው ናቸው። “ነዓ-አ-አ!”

አሥራ ሦስት ራሶች ከሣሩ ቀና አሉ።

ከዚያ ጋራው ወረደ ብል ይቀለኛል። ጆሮዋ የተቆረጠችው አሮጊት በግ ከፊት፣ ግልገሎቹ ከኋላ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየዘለሉ መጡ። ከኋላቸው የነዳቸው ማንም የለም። መጥተው አያቴን ከበቡ፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አሸተቱ፣ ቆሎ ሲያጡ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያቺ አሮጊት በግ ኪሴ ውስጥ አፍንጫዋን ከተተች።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። አይነኬ ቆሎ ቀምሶ አያውቅም! እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስጽፍ ድንጋዩን ሲያጸዱት የኖሩት በጎቹ ናቸው። ሲወርዱም እሱ እየነዳቸው ሳይሆን ለቆሎ እየተሽቀዳደሙ ነው፤ እሱ ብቻውን ላለመቅረት ይከተላቸዋል።

“አባባ፣ አጠገብዎ ሲበሉ አላዩም?”

“የሩቁን ነው የማየው አልኩሽ እኮ። አፍንጫዬ ሥር ያለውንማ ዳዊቱንም በቃሌ ነው የምለው።”

“እኔማ በየቀኑ አያለሁ” አሉ እትዬ አልጋነሽ። “ለበጎቹ የምትሰጫቸው መስሎኝ! ለውሻ ቆሎ ይሰጣል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። ጋቢውን አስተካከለ። “ያልኩት ውሻው እንዲያመጣቸው ነው” አለ። አባቴ በቃል ላይ ጥብቅ ነው፤ በድንበርም ያጣላው ይኸው ነው።

“አንተ ልጅ” አሉት አያቴ፤ አባቴ እኮ ልጅ ሊድር የደረሰ ሰው ነው። “የፈለግኸው በጎቹ እንዲመጡ ነው ወይስ ውሻው እንዲደክም?”

አባቴ ማንም ሳይጠብቅ ጋራውን ወጣ፤ በጎቹን እየነዳ ወሰዳቸው፣ ትቷቸው ወረደ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዙሪያውን አይቶ ትንሽ ካፈረ በኋላ፣ “ነዓ!” አለ።

መጡ።

“እስቲ ደግሞ” አለና እንደገና አወጣቸው። ሦስት ጊዜ! በሦስተኛው ፊቱ እንደ ሕፃን በርቶ ነበር። የኔን ቆሎ በገዛ እጁ ከኪሴ ዘግኖ እያበላቸው፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ “ደብተር ያለቀብሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ንፋስ መውጫ ስሄድ እገዛለሁ” አለኝ። እህቴ ናት ቀድማ እልል ያለችው።

አይነኬ አመሻሹ ላይ ተመለሰ፤ ቆቅም አልያዘ፣ ይቅርታም አልጠየቀ።

ፋሲካ አለፈ፣ እህቴ ተዳረች፣ አለቀስን፣ በላን። በማግስቱ ሰኞ ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ዱላ የያዙት አያቴ ናቸው፣ ለመደገፍ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ከታች ሆኜ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ጋራው ባዶ ነው። አንድም በግ የለም። እየሮጥኩ ስደርስ አሥራ ሦስቱም አያቴን ከበው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው የሚታየው የጥምጣማቸው ጫፍ ብቻ ነው።

“ደረስሽልኝ?” አሉ ከውስጥ። “ጠዋት አንዴ ጠራኋቸው፣ መኖራቸውን ለማወቅ ያህል። መጡ። እስካሁን አሉ። ሣር አልቀመሱም። እንዲሄዱ ምንድን ነው የሚባለው?”

እንዲሄዱ! እኔና እሳቸው ተያየን። ከመጀመሪያው ቃል አልፈን መች ሌላ አስተማርን?

“ልንዳቸው አባባ” ብዬ ቦርሳዬን ላስቀምጥ ስል እጄን ያዙኝ።

“አንቺ ተቀመጪና ትምህርትሽን አጥኚ። ይህን ለእኔ ተይልኝ።” ቀና ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸውም ተለወጠ፤ እኔ ሳልወለድ በፊት የነበረ፣ ተማሪ ፊት የሚወጣ ድምፅ መሆን አለበት። “ስንት ዓመቴ ነው የሚማር ሰው ፊቴ ከቆመ! ዛሬ አሥራ ሦስት ቆመውልኛል፤ ‘ሂድ’ ልላቸው ነው የምቸኩለው? ቃሉን በወጉ አስተምራቸዋለሁ።”

ጣታቸውን ወደዚያች ጆሮ ቆራጣ በግ ቀሰሩ። “ሑሪ” አሏት፣ በዜማ፤ ሂጂ ማለታቸው ነው።

በጓ አየቻቸው። አሰበች። አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ቀረበችና የጋቢያቸውን ጫፍ ማኘክ ጀመረች።

“ግድ የለም” አሉ አያቴ፣ ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ከአፏ እያወጡ። “የመጀመሪያ ቀን ሁሉም እንዲህ ነው።”